ቀለበት መንገድ አጠገብ ቤት ልትገዙ ነው? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ

ደላላው ደውሎ "አስፋልት ዳር ነው" ሲል ድምፁ ራሱ ይደምቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ቃል ሙገሳ ነው። ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ ሳር ቤት፣ ለቡ፣ የትም ሂዱ አስፋልት ላይ ያለ ቤት ከውስጥ ካለው በልጦ ነው የሚቀርብላችሁ። ለሱቅ፣ ለባንክ ቅርንጫፍ፣ ለክሊኒክ ከሆነ እውነት ነው። ልጅ ለማሳደግ፣ ሌሊት ለመተኛት፣ እናትን አምጥቶ ለመጦር ከሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ያለ ቦታ ዋጋው የሚወጣለት በንግድ ነው። እናንተ ደግሞ የምትፈልጉት እንቅልፍ ነው። ስለዚህ ካልተጠነቀቃችሁ የሱቅ ዋጋ ከፍላችሁ እንቅልፍ ያጣችሁበት ቤት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ይህን የምለው ቀምሼው ነው። ቀለበት መንገዱ ጎን፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ሁሉም ሰው "ደህና ሰፈር" የሚለው ቦታ ቤት ተከራይተን ሦስት ዓመት ኖረናል። ቤቱን ያየነው እሁድ ጠዋት ነበር፣ ጸጥ ያለ፣ ፀሐይ የሚገባበት፣ ግቢው አበባ በአበባ። የገባን ዕለት ሌሊት ባለቤቴ ከእንቅልፏ ነቅታ "ዝናብ ነው እንዴ?" አለችኝ። ዝናብ አልነበረም። የጎማ ድምፅ ነበር። በኋላ የራሳችንን ቤት ልንገዛ ስንነሳ አራት ወር ሙሉ ዞርን፣ አምስት ቤት ትተን ስድስተኛውን ያዝን። ከዚህ በታች የምጽፈው ያኔ ያደረግነውን ነው፣ በቅደም ተከተል።

1. ቤቱን ሳታዩ ቤተሰባችሁን ጻፉ

ወረቀት አውጡና ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንደሚኖር፣ እያንዳንዱ ሰው ስንት ሰዓት ቤት እንደሚውል ጻፉ። ጠዋት 1 ሰዓት ወጥተው ማታ 2 ሰዓት የሚመለሱ ባልና ሚስት ብቻ ከሆናችሁ ዋናው ጥያቄ ሌሊቱ ነው። ቀን ቤት የሚውሉ አያት ካሉ፣ ሕፃን ካለ፣ አስም ያለበት ሰው ካለ፣ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ቀን የሚተኛ ሐኪም ወይም ነርስ ካለ ጥያቄው የሙሉ ቀን ነው። ግቢውን ለምን እንደምትጠቀሙበትም ጻፉ። በርበሬ ይሰጣበታል? ልጆች ይጫወቱበታል? ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ቡና ይፈላበታል? ግቢውን የማይጠቀምበት ሰው ከመንገድ ዳር ቤት ጋር ቶሎ ይስማማል፣ ውሎው ግቢ የሆነ ሰው ግን ይቸገራል።

ይህን ወረቀት አትጣሉት። ቆንጆ ኩሽና እና ሰፊ ሳሎን ስታዩ ልባችሁ ይሸፍታል፣ ያኔ አውጥታችሁ ታዩታላችሁ።

2. ርቀቱን ራሳችሁ ለኩ

"ከመንገዱ ገባ ያለ ነው" ማለት ምንም ማለት አይደለም። ስልካችሁ ላይ ያለውን የጉግል ካርታ በሳተላይት ዕይታ ክፈቱና ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ እስከ መንገዱ ቅርቡ መስመር ድረስ ያለውን ሜትር ለኩ። ከአጥሩ አይደለም። አጥሩ ላይ የሚተኛ ሰው የለም።

ስንት ሜትር ይበቃል? ለአየሩ መነሻ የሚሆን አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር በቀን 100,000 ተሽከርካሪ ከሚያልፍበት ፈጣን መንገድ 150 ሜትር አካባቢ ክልል ውስጥ አዲስ መኖሪያ ቤትና ትምህርት ቤት አለመሥራት ይሻላል ብሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ የጭስ ማውጫው ብክለት መንገዱ አጠገብ በጣም ከፍ ብሎ እየራቀ ሲሄድ ቶሎ ይቀንሳል። የእኛ መኪኖች አርጅተዋል፣ ናፍጣውም ይበዛል፣ ስለዚህ ይህን ርቀት ትንሹ አድርጌ ነው የምወስደው። ከ50 ሜትር በታች የሆነ ቤት ትንሽ ልጅ ላለው ሰው አልመክርም። ከ50 እስከ 150 ሜትር ያለው የሚመረመር ነው። ከ150 በላይ ከሆነ ስለ ጭሱ ያለኝ ስጋት በጣም ይቀንሳል፣ ስለ ድምፁ ግን ገና ነው።

ከርቀቱ ጋር የመንገዱን ከፍታ እዩ። ቀለበት መንገዱ ወደ 33 ኪሎ ሜትር ሲሆን አንዳንድ ቦታ ድልድይ ላይ ይወጣል፣ አንዳንድ ቦታ ከሰፈሩ ዝቅ ይላል። ዝቅ ያለበት ቦታ ጎኑ ያለው አፈር ድምፁን ይይዝላችኋል። ከፍ ያለበት ቦታ ድምፁ አጥራችሁን ዘሎ በቀጥታ ሁለተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ያርፋል። ድልድይ ካለ መጋጠሚያው ላይ እያንዳንዱ መኪና "ዷ ዷ" ይላል፣ ይህ ድምፅ ከተከታታዩ ሹክሹክታ ይልቅ እንቅልፍ ይሰብራል። ዳገት ካለ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ማርሽ ይቀይራል። ቁልቁለት ካለ በሞተር ፍሬን ያጓራል። ፍጥነት መቀነሻ ካለ ባዶ ገልባጭ ሲዘልለው ብረቱ በሙሉ ይንኳኳል። ሜዳ ላይ ያለ 80 ሜትር እና ዳገት ላይ ያለ 80 ሜትር አንድ አይደሉም።

3. አምስት ጊዜ ሂዱ፣ አንዱ ሌሊት ይሁን

ከሁሉም ደረጃ የምወደው ይህን ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሰው ግን አያደርገውም።

ደላላ ቤት የሚያሳየው ቀን ነው፣ ብዙ ጊዜም ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሁድ። መንገዱ ፀጥ የሚልበት ሰዓት ማለት ነው። እናንተ ግን ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ሂዱ። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ሂዱ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሂዱ። አንድ ቀን ዝናብ ሲዘንብ ሂዱ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ የጎማ ድምፅ በጣም ይጨምራል። አምስተኛው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው።

ሌሊቱ ለምን? አዲስ አበባ ውስጥ ከባድ መኪኖች ቀን ላይ የሰዓት ገደብ አለባቸው። ስለዚህ ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ ብረቱ፣ ኮንቴይነሩ የሚጓጓዘው አብዛኛው ሰው ሲተኛ ነው። ቀን የምትሰሙት የቤት መኪና ነው፣ ሌሊት የምትሰሙት የጭነት መኪና ነው። ቀን ፀጥ ያለ የመሰለ ቤት ሌሊት ሌላ ቤት ይሆናል። ከተቻለ ሻጩን ለምናችሁ መኝታ ቤቱ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ካልተቻለ መኪናችሁን በሩ ላይ አቁማችሁ ሞተሩን አጥፉና መስኮት ክፈቱ። ለደህንነታችሁ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ የሰፈሩን ጥበቃም ቀድማችሁ አናግሩ።

በእያንዳንዱ ጉብኝት ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ መስኮት ተከፍቶም ተዘግቶም አምስት አምስት ደቂቃ ዝም በሉ። ዝም ማለት ከባድ ነው፣ ደላላው ያወራል፣ ሻጩ ያወራል፣ ሬዲዮም ሊከፈት ይችላል። "ትንሽ ዝም እንበል" በሉ። ሁለተኛ፣ በረንዳው ላይ ቡና ስትጠጡ እንደምትቀመጡት ተቀምጣችሁ በተለመደ ድምፅ አውሩ። ጎንበስ ካላችሁ፣ "ምን አልክ?" ከተባባላችሁ ያ በረንዳ ለጌጥ ነው። ሦስተኛ፣ ስልካችሁ ላይ ድምፅ የሚለካ መተግበሪያ ጫኑና ቁጥሩን መዝግቡ። ስልክ የባለሙያ መሣሪያ አይደለም፣ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻውን አትመኑት፤ አሁን የምትኖሩበት ቤት መኝታ ክፍል ውስጥ በዚያው ስልክ በዚያው ሰዓት ለኩና አወዳድሩት። ልዩነቱ 10 ዴሲቤል ከሆነ ለጆሮ እጥፍ ያህል ነው የሚጮኸው።

ለንጽጽር፣ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የመንገድ ትራፊክ ድምፅ ከቤቱ ውጭ ሲለካ የቀኑ፣ የምሽቱና የሌሊቱ አማካይ ከ53 ዴሲቤል፣ የሌሊቱ ብቻ ደግሞ ከ45 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመክራል። ቀለበት መንገድ ዳር ይህን ማግኘት ይከብዳል። ግን ምን ያህል እንደምትርቁ ማወቁ ይጠቅማል።

የመንገዱን ድምፅ ከሌላው ለዩት። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ የምሽት ቤት ሙዚቃ፣ የአውሮፕላን ድምፅ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የወያላ ጥሪ፣ እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ቦሌ ዙሪያ ከሆነ አውሮፕላኑ ከመኪናው ሊብስ ይችላል።

ውጭ አገር ሆናችሁ በዘመድ በኩል የምትገዙ ከሆነ እባካችሁ የቪዲዮ ጉብኝት ላይ አትደገፉ። የስልክ ቪዲዮ ጥሪ የጀርባ ድምፅን ራሱ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ የምትሰሙት የዘመዳችሁን ድምፅ ብቻ ነው። ወንድማችሁ ወይም የአክስታችሁ ልጅ ሌሊት ሄዶ አስር ደቂቃ ምንም ሳይናገር በድምፅ መቅጃ ይቅዳላችሁ። ያንን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት።

4. ምን ይስተካከላል፣ ምን አይስተካከልም

"ዛፍ ትተክላለህ፣ አጥሩን ከፍ ታደርጋለህ፣ ያልቃል" የሚል ምክር ከሁሉም ሰው ትሰማላችሁ። አያልቅም።

ዛፍ መንገዱን ከዓይን ይሰውራል እንጂ ድምፁን ብዙ አያስቀርም። ድምፁን በ10 ዴሲቤል ለመቀነስ 60 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጥቅጥቅ ያለ ደን ያስፈልጋል። ያንን የሚይዝ ግቢ የለም። አጥር የሚሠራው በእናንተና በጎማው መካከል ያለውን ዕይታ ሲቆርጥ ነው፤ ብሎኬት ሆኖ ክፍተት ከሌለው ምድር ቤትን ይረዳል። ቆርቆሮ አጥር ብዙም አይረዳም። ጂ ፕላስ ሁለት ቤት ላይ ደግሞ መኝታ ቤቶቹ የት ናቸው? ላይ። ከላይ ሆናችሁ መኪናውን ካያችሁት ትሰሙታላችሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ ከፍተኛው መኝታ ቤት ወጥታችሁ መስኮቱ ላይ ቁሙ።

ርቀትም ሰው እንደሚያስበው አይረዳም። ከ25 ሜትር ወደ 50 ሜትር ብትርቁ ድምፁ የሚቀንሰው በ3 ዴሲቤል አካባቢ ነው፣ ጆሮ ብዙም አይለየውም። ከመንገዱ ጋር በመሃል ሌላ ሕንፃ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያለ ብዙ ክፍተት የተሰለፈ የቤት ረድፍ ድምፁን ይሰብራል፣ ሁለተኛ ረድፍ ሲጨመር ደግሞ የበለጠ። ለዚህ ነው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ረድፍ ፈልጉ የምለው። ፊት ለፊት ያለው ባለ ስድስት ፎቅ ንግድ ሕንፃ የእናንተ የድምፅ ግድግዳ ነው፣ የሠራው ሌላ ሰው ነው፣ ክፍያ አይጠይቃችሁም። ፊት ለፊታችሁ ያለው ባዶ ቦታ ከሆነ ግን ከለላ የለም፣ እስኪገነባም የግንባታ ድምፅ አለ።

መስኮት ይስተካከላል። አብዛኛው ቤታችን ላይ ያለው ተንሸራታች አልሙኒየም ነው፣ እሱ ደግሞ ጠርዙ ላይ ክፍተት አለው። ድምፅ እንደ ውኃ ነው፣ በቀዳዳ ይገባል። ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ጎማው ግጥም ብሎ የሚዘጋ፣ ድርብ መስታወት ያለው መስኮት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሁለቱ መስታወቶች ውፍረታቸው የተለያየ ቢሆን ይሻላል። ግን አንድ ነገር አትርሱ፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው መስኮቱ ሲዘጋ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚቀዘቅዘው በመስኮት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ የሚያይ መኝታ ቤት ዘግታችሁ መተኛት ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ ከመንገዱ በተቃራኒ በኩል የሚከፈት ሁለተኛ መስኮት ያለው ክፍል መኝታ ቤት አድርጉ። መታጠቢያ ቤት፣ ደረጃ፣ ዕቃ ቤትና ኩሽና በመንገዱ በኩል ሆነው መኝታ ቤቶቹ በጀርባ የሆኑበት ፕላን ካገኛችሁ ያ ቤት ወርቅ ነው።

"የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው፣ ድምፁ ይቀንሳል" የሚልም አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእርግጥ መንገዱ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ሞልቷል፣ ጭሱን በተመለከተ ደስ የሚል ነው። ድምፁ ግን ሌላ ነው። የቤት መኪና በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ በአብዛኛው የሚሰማው ጎማው እንጂ ሞተሩ አይደለም። ቀለበት መንገድ ላይ ደግሞ መንገዱ ከተከፈተ ማንም 50 አይነዳም። የሌሊቶቹ ትላልቅ መኪኖችም ገና ናፍጣ ናቸው።

5. አቧራውን በእጃችሁ ንኩ

ነጭ ሶፍት አርጥባችሁ በመንገዱ በኩል ያለውን የመስኮት ደፍ ጥረጉ። ከዚያ በጀርባ በኩል ያለውን ጥረጉ። የሶፍቱ ቀለም ይነግራችኋል። ቡናማ ከሆነ አፈር ነው። ጥቁር እና ቅባት ቅባት የሚል ከሆነ የናፍጣ ጥላሸትና የጎማ ብናኝ ነው። ሻጩ ትናንት አስጠርጎ ከሆነ የሮቶውን ክዳን፣ የጣሪያውን አሸንዳ፣ የግቢውን የጽጌረዳ ቅጠል እዩ፣ እነዚህን የሚጠርግ የለም።

ጣሪያው ላይ ወይም ላይኛው በረንዳ ላይ ቀላል ጨርቅ፣ ነጠላ ይሁን ሌላ፣ ዘርግታችሁ ይዛችሁ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ በየጉብኝቱ መዝግቡ። ቤቱ ነፋሱ ከመንገዱ በሚነፍስበት በኩል ከሆነ አንድ ረድፍ ወደ ውስጥ መግባት አይበቃም።

ግድግዳውንም ዳስሱ። ከባድ መኪና ሲያልፍ ካቢኔ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል? የበርና የመስኮት ማዕዘን ላይ በሰያፍ የሄደ ስንጥቅ አለ? አዲስ ቀለም የተቀባበት አንድ ጥግ ብቻ ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። መሐንዲስ ይዛችሁ ብትሄዱ የምትከፍሉት ከቤቱ ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም።

6. እንዴት ትወጣላችሁ፣ እንዴት ትገባላችሁ

ካርታ ላይ መንገዱ አጠገባችሁ ነው። በተግባር ግን ቀለበት መንገድ መሃሉ የተዘጋ ነው፣ ተሻግሮ መታጠፍ የለም። የልጆች ትምህርት ቤት ማዶ ከሆነ እስከሚቀጥለው ማዞሪያ ሄዳችሁ ነው የምትመለሱት። እኛ ከተውናቸው ቤቶች አንዱ ትምህርት ቤቱን በመስኮት ያሳየን ነበር፣ በመኪና ግን ጠዋት 25 ደቂቃ ፈጀብን። በሥራ ቀን፣ በእውነተኛው ሰዓት፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሥራ እና ወደ ሐኪም ቤት ነድታችሁ ሞክሩት። መውጫው በጎን ባለው ሰርቪስ መንገድ ከሆነ ጠዋት ሰርቪስ መንገዱን ማን እንደሚይዘው እዩ፣ ሚኒባስ የሚቆምበት ከሆነ በራችሁ ላይ ትታሰራላችሁ።

መኪና የሌለውን የቤተሰብ አባል አስቡ። ቤት ውስጥ የምትረዳችሁ ልጅ ገበያ የምትሄደው በእግሯ ነው። የእግረኛ ድልድዩ ስንት ሜትር ይርቃል? በአዲስ አበባ የመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ድልድዩ ሩቅ ሲሆን ሰው አጥሩን ይዘላል፣ ይህንን በዓይናችን ያየነው ነገር ነው። ድልድዩ ከ300 ሜትር በላይ የሚርቅ ከሆነ እኔ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ቤቱን አልገዛም።

7. ክረምት

መንገድ ሲሠራ ከፍ ይደረጋል፣ ዳር ያለው ቤት ዝቅ ብሎ ይቀራል። የመንገዱ ጎርፍ የት ይሄዳል? ቦዩን ተከትላችሁ በእግር ሂዱ። ቆሻሻ የዘጋው ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል። የአጥሩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የውኃ መስመር ካለ፣ በር ላይ ሰው ሠራሽ ደፍ ከተሠራ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ የእርጥበት ሽታ ካለ ተጠንቀቁ። ከቻላችሁ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ እዩት። ካልቻላችሁ የጎረቤቱን ጥበቃ ጠይቁ፣ እሱ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ያደረ ሰው ነው፣ የትኛው ግቢ እንደሚሞላ ያውቃል።

8. ወረቀቱ፣ በተለይ መንገድ ዳር

ማንኛውም ቤት ሲገዛ የሚታየውን እዚህ አልደግምም፣ የይዞታ ካርታው፣ ዕዳና እገዳው፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ በውክልና ከሆነ ውክልናው ያልተሻረ መሆኑ፣ የጋብቻ ጉዳይ፣ እነዚህ የታወቁ ናቸው። መንገድ ዳር ሲሆን ግን የሚጨመር አለ።

አጥሩን ለኩና ካርታው ላይ ካለው ካሬ ጋር አስተያዩ። መንገድ ዳር ያለ ሰው ወደ አስፋልቱ ትንሽ ትንሽ አጥሩን ማስፋት የተለመደ ነው። ሻጩ 350 ካሬ ብሎ ይሸጥላችኋል፣ ካርታው 300 ነው፣ 50ው የመንገዱ ነው። ያ ቀን ይመጣና ይፈርሳል።

ቀጥሎ ፕላኑ። የካርታውን ኮፒ ይዛችሁ ክፍለ ከተማው ሂዱና ቦታው በከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድበት፣ የመንገዱ ክልል ስንት ሜትር እንደሆነ ጠይቁ። ቅይጥ አገልግሎት ከተባለ ጎረቤታችሁ ነገ ሆቴል ሊሆን ይችላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ መገናኛን፣ ቦሌን ሲያዳርስ በዋና መንገድ ዳር ያለ ይዞታ ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል ሁላችንም አይተናል። ሻጩ አሁን ለምን እንደሚሸጥ በቀጥታ ጠይቁት። ጎረቤቶቹንም ጠይቁ፣ "ልኬት የሚወስዱ ሰዎች መጥተው ያውቃሉ?" በሏቸው።

ለሕዝብ ጥቅም ቦታ ሲወሰድ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ካሳው የሚታሰበው በሕጋዊ ይዞታ ላይ ላለው ንብረት ነው። ያለ ፈቃድ የተጨመረ ፎቅ፣ ያለ ፈቃድ የተሠራ ሰርቪስ ቤት ገንዘብ ከፍላችሁ የምትገዙት ነገር ግን ካሳ ላይ የማትቆጥሩት ነገር ነው። ስለዚህ ዋጋውን ስትደራደሩ በፈቃድ የተሠራውን ብቻ ቁጠሩ።

9. ዋጋው

በዚያው ሰፈር፣ ተመሳሳይ ካሬ፣ ተቀራራቢ ዕድሜ ያላቸው፣ አራተኛ ወይም አምስተኛ ረድፍ ላይ ያሉ ሦስት ቤቶች ፈልጉ። ከተለያየ ደላላ ይሁን። ዋጋቸውን ለካሬ አካፍሉና ከእናንተ ቤት ጋር አነጻጽሩ። የእናንተው አስፋልቱ ላይ ሆኖ ከእነሱ ከበለጠ ብልጫው የንግድ ዋጋ ነው። ሱቅ ልታከራዩበት ወይም ወደፊት ልትገነቡበት ከሆነ ክፈሉ፣ ሒሳቡንም በዚያ መንገድ ሥሩት። ለመኖር ብቻ ከሆነ አትክፈሉ። ሌላ ገዢ አለው፣ ይግዛው።

ሁለተኛ ረድፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የንግድ ጥቅሙ የለም፣ ድምፁ ግን አለ፣ ስለዚህ መቀነስ አለበት። ድርድር ከመቀመጣችሁ በፊት አልሙኒየም ሠሪ ወስዳችሁ የመኝታ ቤቶቹን መስኮት በድርብ መስታወት ለመቀየር ስንት እንደሚያስከፍል በጽሑፍ ተቀበሉ። የአጥሩን ሥራ፣ የቦዩን ሥራ ጨምሩበት። ከሻጩ ጋር ስትገናኙ "ቤቱን ወደነዋል፣ ለመተኛት ግን ይህን ያህል ማውጣት አለብን" ብላችሁ ወረቀቱን አስቀምጡ። ሻጩም ሌሊቱን ያውቀዋል፣ ኖሮበታል። "ውድ ነው" ከሚል ቃል ይልቅ በወረቀት የተጻፈ ሒሳብ ይሰማል።

ቀብድ ላይ አትቸኩሉ። "ሌላ ገዢ ነገ ይመጣል" ሁልጊዜ የሚባል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ከፍሎ የተወ ሰው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ የሚከፈለው የሌሊቱ ጉብኝት፣ የፕላኑ መረጃ እና የካሬው ልኬት ካለቀ በኋላ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ ወይም በፍርድ ቤት ካልተመዘገበ እንደማይጸናም አስታውሱ፣ በደላላ ቢሮ የተፈረመ ወረቀት ቤት አያሰጥም።

እኛ በመጨረሻ የገዛነው አራተኛ ረድፍ ላይ ነው፣ ከመንገዱ 190 ሜትር አካባቢ። ሳሎኑ ከተውናቸው ቤቶች ሁሉ ይጠባል፣ ኩሽናውም አሮጌ ነበር። ሻጩዋ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሌሊት መምጣት እንፈልጋለን ስንላቸው መጀመሪያ ገረማቸው፣ ኋላ "ኑ ልጆቼ፣ ሻይ አፍልቼ እጠብቃለሁ" አሉን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ላይኛው መኝታ ቤት ገብተን መብራት አጥፍተን መስኮቱን ከፈትን። ሩቅ የሆነ ጉምጉምታ አለ፣ የጎረቤት ውሻ ይጮሃል፣ ሌላ የለም። ባለቤቴ ደጋግማ ወደ ውጭ አየች። "ዝም አለ እኮ" አለች። በሳምንቱ ካሬውን አስለክተን ቀብዱን ከፈልን።